የሞተር ብስክሌት የመንገድ ውድድር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር፣ በግራ የቤት አጥር፣ በቀኝ የመብራት ምሰሶ። የሞተር ብስክሌት የመንገድ ውድድርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው በቅድሚያ ዝም ይላል፤ ከዚያ ጥያቄው ይዘንባል። ይህን ውድድር ለዓመታት የምከታተል ሰው ስለሆንኩ እነዚያን ጥያቄዎች ደጋግሜ ሰምቻቸዋለሁ። አብዛኞቹን ምሳሌዎች የወሰድኩት በአይል ኦፍ ማን ደሴት ከሚካሄደው ቱሪስት ትሮፊ፣ በአጭሩ ቲቲ ከሚባለው ውድድር ነው፤ የመንገድ ውድድር ክብሩም መከራውም ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነውና። ዓመተ ምሕረቶቹም ወራቱም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመንገድ ውድድር ሲባል ምን ማለት ነው? ከሞቶጂፒ በምን ይለያል?

ሞቶጂፒ፣ ማለትም የሞተር ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና፣ የሚካሄደው ለውድድር ተብሎ በተሠራ መም ላይ ነው። በመሙ ዳርና ዳር ሰፊ ባዶ ስፍራ አለ። የወደቀ ተወዳዳሪ አስፋልቱ ላይ ተንሸራቶ ጠጠሩ ውስጥ ይገባል፣ ፍጥነቱም ይበርዳል፤ ብዙ ጊዜ ተነሥቶ አቧራውን አራግፎ በእግሩ ይሄዳል። የመንገድ ውድድር ግን የሚካሄደው ሰዎች በየቀኑ ወደ ሥራ በሚመላለሱበት፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ለጥቂት ሰዓታት ይዘጋል፤ ውድድሩ ሲያበቃ አውቶቡሱ ይመለስበታል። ስለዚህ መንገድ ላይ የሚገኝ ነገር ሁሉ ከቦታው አይነቃነቅም፦ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን፣ ዝናብ ሲነካው የሚያንሸራትት ነጭ ቀለም፣ የድንጋይ ግንብ፣ ዛፍ፣ የቤት በር። አደገኛ በሆኑ ቦታዎች ላይ ግጭት የሚያለዝቡ ትራሶች ይደረደራሉ። የቲቲው 60 ኪሎ ሜትር መንገድ ግን በትራስ ተሸፍኖ አያልቅም።

መም ላይ ተወዳዳሪው የአቅሙን ጠርዝ የሚያውቀው አልፎት በመውደቅ ነው። ይወድቃል፣ ይነሣል፣ በሚቀጥለው ዙር ትንሽ ይቆጥባል። መንገድ ላይ ግን ጠርዙን ሳያልፉት ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህ ውድድር ጥበብም፣ ደስታም፣ ሐዘንም የሚመነጨው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምን በአይል ኦፍ ማን ሆነ?

በሕግ ምክንያት። በ1903 የወጣው የብሪታንያ ሕግ የተሽከርካሪን ፍጥነት በሰዓት 20 ማይል፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወሰነው፤ የሕዝብ መንገድ ዘግቶ መሽቀዳደምም የማይታሰብ ሆነ። አይል ኦፍ ማን ግን በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል ባሕር ላይ ያለች፣ ቲንዋልድ የሚባል የራሷ ምክር ቤት ያላት ደሴት ናት። ምክር ቤቱ በ1904 መንገድ ለውድድር እንዲዘጋ ፈቀደ። በቅድሚያ መኪኖች መጡ፤ በ1907 የመጀመሪያው የሞተር ብስክሌት ቲቲ ተካሄደ። ቻርሊ ኮሊየር በማችለስ ሞተር ያሸነፈው በሰዓት በአማካይ 61 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዳ ነበር። በዚያን ጊዜ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲደክም በፔዳል ያግዙት ነበር።

በ1911 ውድድሩ እስከ ዛሬ ወደሚካሄድበት የተራራ ጎዳና ተዛወረ። ጎዳናው 60.7 ኪሎ ሜትር ነው። ከዋና ከተማዋ ከዳግላስ ይነሣል፣ መንደሮችን አቋርጦ ወደ ራምዚ ይዘልቃል፣ ከዚያ የስኔፈልን ተራራ ታክኮ ከባሕር ጠለል በላይ ከ400 ሜትር ከፍ ይልና ቁልቁል ወደ ዳግላስ ይመለሳል። ኩርባዎቹ ከ200 በላይ ናቸው። በዚያው በ1911፣ ገና በልምምድ ላይ ሳለ፣ ቪክቶር ሰሪጅ የሚባል ወጣት ግሌን ሄለን አካባቢ ወድቆ ሞተ። ተራራው ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ሰው ወሰደ።

ፍጥነቱ ምን ያህል ይደርሳል?

የዙሩን ክብረ ወሰን የያዘው ፒተር ሂክማን ነው። በ2023 አንዱን ዙር በ16 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ጨረሰው፤ በአማካይ በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አማካይ የምትለውን ቃል ልብ ይበሉ። በዝግታ የሚታለፉ ጠባብ ኩርባዎች፣ ድልድዮችና መንደሮች ሁሉ ተቆጥረው ነው 219 የመጣው። ሰልቢ በሚባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ፈጣኖቹ ሞተሮች በሰዓት ወደ 320 ኪሎ ሜትር ይጠጋሉ። የሚገርመው፣ ሂክማን ያን ቀን የነዳው ከመደብር ከሚሸጠው ብዙም ያልተለወጠ ሞተር ነበር።

በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ማለት በአንዲት ሰከንድ 83 ሜትር ማለት ነው። ዐይን እስኪርገበገብ ድረስ ሃያ ሜትር ያህል መንገድ አልፏል።

ታሪኩን በአጭሩ ለማየት፦ በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 161 ኪሎ ሜትር፣ በአማካይ የያዘ የመጀመሪያው ሰው በ1957 ቦብ ማኪንታየር ነው። 130 ማይልን በ2007 ጆን ማክጊነስ አለፈው።

ሁሉም በአንድ ላይ ነው የሚነሡት?

በቲቲ አይደለም። ተወዳዳሪዎቹ የሚነሡት በአሥር ሰከንድ ልዩነት አንድ በአንድ ነው፤ ውድድሩ ከሰዓት ጋር ነው። ዋናው ውድድር፣ ሲኒየር ቲቲ የሚባለው፣ በተለምዶ ስድስት ዙር አለው። በየሁለት ዙሩ ለነዳጅ ይቆማሉ፤ ያኔ የኋላ ጎማ ይቀየራል፣ የሄልሜቱ መስታወት ላይ የተጨፈለቀው ነፍሳት ይጠረጋል። ሁሉም ሲደመር ከአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በላይ ነው። ይህን ያህል ጊዜ አንድም ቅጽበት ሐሳብ እንዲባክን አይፈቀድም።

የመነሻው ቅጽበት ለእኔ ከማንኛውም ስፖርት የበለጠ ነገር አለው። ግሌንክራቸሪ በሚባለው ጎዳና ላይ ሞተሮቹ በሰልፍ ቆመዋል። ከፊት ያለው ሄደ፤ ቀጣዩ መስመሩ ላይ ቆመ። አስነሺው እጁን ትከሻው ላይ አሳርፏል። ጩኸት አለ፣ ነገር ግን ከሄልሜቱ ውስጥ የሚሰማው የራስ ትንፋሽ ነው። አሥር ሰከንድ። ትከሻው በቀስታ ይነካል፤ ፍሪሲዮኑን ይለቃል። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ብሬይ ሂል የሚባለውን ቁልቁለት፣ ቤቶች ግራና ቀኝ በተሰለፉበት መንገድ፣ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ሥር ሲደርስ የመንገዱ ግፊት ሞላውን እስከ መጨረሻው ይጫነዋል፤ የሞተሩ ሆድ አስፋልቱን ይፍቃል። ሞተሩ ገና እየሞቀ፣ ጎማው ገና በቅጡ ሳይግል ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው።

በሰሜን አየርላንዱ ኖርዝ ዌስት 200 ግን በቡድን ይነሣሉ። ከ1929 ጀምሮ የሚካሄደው ይህ ውድድር በፖርትስቱዋርት፣ በኮልሬይንና በፖርትራሽ መካከል ባለው ባለ ሦስት ማዕዘን መንገድ ላይ ትከሻ ለትከሻ የሚገፉበት ነው። የማካው ከተማ ውድድርም ይታወቃል፤ እሱ ደግሞ መንገዱ በሙሉ በአጥር መካከል ነው።

ከ200 በላይ ኩርባ እንዴት በቃል ይያዛል?

እንደ ዳዊት ይደገማል። ኩርባውን በዐይን አይቶ መወሰን በዚያ ፍጥነት አይቻልም፤ ኩርባው ሲታይ ቀድሞ ውስጡ ተገብቷል። ስለዚህ ተወዳዳሪው ገና ሳያየው ወዴት እንደሚያጋድል፣ በስንተኛ ማርሽ እንደሚገባ፣ የቱ ጋ ነዳጅ እንደሚሰጥ ያውቃል። ምልክቱ የአንድ ቤት ጭስ ማውጫ፣ የአጥር በር፣ የአስፋልት ጥጋን ይሆናል። ብዙዎቹ ክረምቱን ሙሉ ቪዲዮ ሲያዩ ይከርማሉ፤ በመኪና መንገዱን ይመላለሱበታል። አዲስ ገቢ በቅድሚያ ነባር መሪ ተከትሎ፣ ፍጥነቱ ተገድቦ ይዞረዋል። ጎዳናውን በትክክል ለማወቅ ዓመታት እንደሚወስድ ነባሮቹ ሁሉ የሚስማሙበት ነው።

መንገዱን ማወቅ ብቻም አይበቃም። ዛፍ ሥር ያለው አስፋልት ጠዋት የነበረውን እርጥበት እስከ ቀትር ይዞ ይቆያል። የምሽት ልምምድ ላይ ፀሐይ ዝቅ ብላ ዐይን ውስጥ ትገባለች። ዳግላስ ላይ ጠራራ ሆኖ ተራራው ላይ ጉም ሊኖር ይችላል፤ ለዚህ ነው የአየሩ ሁኔታ ፕሮግራሙን በየጊዜው የሚያዛባው።

ሞተር ያን ያህል ሲያጋድል ለምን አይወድቅም?

ኩርባ ላይ ሞተሩን ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል አለ፤ ነጂው ወደ ውስጥ የሚያጋድለው ያን ለማመጣጠን ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ወይም ኩርባው ሲጠብ ማጋደሉም ይጨምራል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ከመሬት ጋር የተገናኘችው የመዳፍ ያህል የጎማ ክፍል ናት። ጎማው የሚይዘው ኃይል ውስን ነው፤ ለፍሬን ከተወሰደው የተረፈው ነው ለመታጠፍ የሚውለው። ለዚህ ነው ጥሩ ነጂ ፍሬኑን ከኩርባው በፊት አብዝቶ ይዞ፣ ሲያጋድል ቀስ በቀስ የሚለቀው። መም ላይ ተወዳዳሪው ክርኑ መሬት እስኪነካ ሲያጋድል እናያለን። መንገድ ላይ እንዲህ አይደረግም። አስፋልቱ ይጎረብጣል፣ ግንቡም ራስ ሊመታ ይችላል፤ ስለዚህ ለድንገተኛ ነገር የሚሆን ትርፍ ሁልጊዜ ይቀመጣል።

ባላው ድልድይ ላይ ደግሞ ሞተሩ ጭራሽ ከመሬት ይለቃል። ጉብታ የመሰለች ትንሽ የመንደር ድልድይ ናት። ሁለቱም ጎማ አየር ላይ ይወጣል፤ የኋላው ቀድሞ እንዲያርፍ ማድረግ የነጂው ሥራ ነው። መሪው ተጠምዝዞ ካረፈ ፊት ለፊት ያለው የቤት ግድግዳ ነው።

ስንት ሰው ሞቷል?

ከ1911 ወዲህ በተራራው ጎዳና ላይ ከ260 በላይ ተወዳዳሪዎች ሞተዋል። ቁጥሩ በዚያው መንገድ ላይ የሚካሄደውን የማንክስ ግራንድ ፕሪ ይጨምራል። በ2022ቱ ቲቲ ብቻ ስድስት ተወዳዳሪዎች ሞቱ። ከእነሱ መካከል በአንድ ሳይድካር፣ ማለትም ነጂና ረዳት በሚይዝ ባለ ሦስት ጎማ ሞተር፣ የተሣፈሩ አባትና ልጅ ነበሩ። ያን ሳምንት ውጤት መከታተል አቅቶኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ይህን ቁጥር ሳይሸፋፍኑ መናገር ውድድሩን የምንወድ ሰዎች ግዴታ ነው። «ሲወደው ሞተ» የሚለው ቃል በየቀብሩ ይነገራል፤ ለሚስቱና ለልጆቹ ምን ያህል እንደሚያጽናና ግን እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

ታዲያ ለምን አይታገድም?

ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቷል፤ ያ ራሱ ትልቅ ፍርድ ነበር። ቲቲ ከ1949 እስከ 1976 የዓለም ሻምፒዮና አካል ነበር። በ1972 ጣሊያናዊው ጂልቤርቶ ፓርሎቲ በዝናብና በጉም ተራራው ላይ ወድቆ ሞተ። የአገሩ ልጅና ወዳጁ፣ አሥር ጊዜ ቲቲን ያሸነፈው ጃኮሞ አጎስቲኒ፣ ዳግመኛ እዚያ አልወዳደርም አለ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ከ1977 ጀምሮ የብሪታንያው የሻምፒዮና ውድድር ወደ ሲልቨርስቶን መም ሄደ። አጎስቲኒ ትክክል ነበር ብዬ አስባለሁ። ነጥብ ፈልጎ፣ በቡድኑ ታዝዞ ሳይወድ የሚሄድ ሰው እዚያ ሊገኝ አይገባም።

ዛሬ የሚሄዱት ግን ማንም ሳያስገድዳቸው ነው። ደሴቲቱም ውድድሩን የማንነቷ አካል አድርጋ ይዛዋለች፤ ገቢዋም አለበት። አዘጋጆቹ መንገዱን ይጠግናሉ፣ ሞተሮቹን በጂፒኤስ ይከታተላሉ፣ ብዙ መቶ በጎ ፈቃደኛ አስተናባሪዎችን ባንዲራ አስይዘው በየኩርባው ያቆማሉ፣ ሐኪም የያዘ ሄሊኮፕተር ያዘጋጃሉ። ይህ ሁሉ ብዙ ነፍስ አድኗል። ግንቡን ግን ከቦታው አላነሣውም። ስለዚህ ይታገድ የሚል ሰው ሲገጥመኝ አልቆጣም፤ የሚናገረው ነገር እውነት አለበት። እኔ በበኩሌ አዋቂ ሰው አውቆና ተዘጋጅቶ የሚገባበትን ነገር መከልከል አልችልም። ሐሳቤ የሚወላውለው ልጆቻቸው ዘንድ ስደርስ ነው።

ፍርሃት የላቸውም ማለት ነው?

አላቸው። ፍርሃት የሌለው ሰው እዚያ አይከርምም። ብዙዎቹ ጠዋት ምግብ አይወርድላቸውም፣ ከሰው ጋር ማውራት አይፈልጉም። ከተነሡ በኋላ ግን ፍርሃቱ ቦታ ያጣል፤ አእምሮ በመንገዱ ይሞላልና። ተወዳዳሪዎች ደጋግመው የሚገልጹት ደስታ እሱ ነው፦ ዕዳ፣ ቂም፣ ጭንቀት ሁሉ ጠፍቶ አንድ ኩርባና ቀጣዩ ኩርባ ብቻ ሲቀሩ። በአንድ መንደር መካከል በሙሉ ፍጥነት እያለፉ ጊዜው የዘገየ እንደሚመስላቸው ይናገራሉ። ያን ስሜት የቀመሰ ሰው ሌላ ቦታ አያገኘውም።

አጥንታቸው ተሰባብሮ የሚመለሱትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ኢያን ሃቺንሰን በ2010 በአንድ ሳምንት አምስት የቲቲ ውድድር አሸነፈ። በዚያው ዓመት መም ላይ በደረሰ አደጋ እግሩ ክፉኛ ተሰበረ፤ ቀዶ ሕክምናው ማለቂያ አጣ። በ2015 ተመልሶ ሦስት አሸነፈ።

የደንሎፕ ቤተሰብ ስም ለምን በየቦታው ይነሣል?

የዚህ ውድድር ክብርና ዋጋ በአንድ ቤት ውስጥ ተጠቃልሎ ስለሚገኝ ነው። ጆይ ደንሎፕ ከሰሜን አየርላንድ፣ ከባሊመኒ ነው። ትሑት፣ ቃል የማያበዛ፣ ሞተሩን በገዛ እጁ የሚፈታና የሚገጥም ሰው ነበር። 26 ጊዜ ቲቲን አሸነፈ፤ የመጨረሻዎቹን ሦስቱን በ2000 በ48 ዓመቱ። ከውድድሩ ውጭ መኪናውን ምግብና ልብስ ጭኖ ብቻውን ወደ ሩማንያና ወደ ባልካን አገሮች እየነዳ ለሕፃናት ማሳደጊያዎች ያደርስ ነበር። ከዚያ የ2000 ድል ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሐምሌ 2፣ ኢስቶኒያ ታሊን ውስጥ በ125 ሲሲ ውድድር እየመራ ሳለ በእርጥብ መንገድ ላይ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ።

ወንድሙ ሮበርት በግንቦት 2008 በኖርዝ ዌስት 200 ልምምድ ላይ ሞተ። ከሁለት ቀን በኋላ ልጆቹ ዊሊያምና ማይክል በዚያው መንገድ ላይ ለ250 ሲሲ ውድድር ተሰለፉ። አዘጋጆቹ ሊያስቀሯቸው ሞክረው ነበር። የዊሊያም ሞተር ገና ሳይጀመር ተበላሸ። የ19 ዓመቱ ማይክል ወጣ፣ አሸነፈ፣ ከሞተሩ ላይም ሳይወርድ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። አባቱ ገና አልተቀበረም ነበር። ዊሊያም ደግሞ በ2018 በአየርላንድ ስከሪስ በልምምድ ላይ ሞተ።

ማይክል መንዳቱን አላቆመም። በ2024 የአጎቱን 26 ድል አልፎ በቲቲ ታሪክ ብዙ ያሸነፈ ሰው ሆነ።

ልብሱና ሄልሜቱ አያድንም?

ከመንሸራተት ያድናል። ወፍራሙ የቆዳ ልብስ አስፋልቱ ሥጋ እንዳይልጥ ያደርጋል፤ ጀርባን የሚጠብቅ ጠንካራ መከላከያ አለው። ነጂው ሲወድቅ በቅጽበት የሚነፋ ኤርባግም ልብሱ ውስጥ ይገባል፤ ሞቶጂፒ ከ2018 ጀምሮ አስገዳጅ አድርጎታል። የአንገትና የትከሻ አጥንትን ብዙ ጊዜ አትርፏል። ነገር ግን ሰውነት በአንድ ጊዜ ከ200 ኪሎ ሜትር ወደ ዜሮ ሲወርድ በውስጥ ያለው አካል የሚቋቋመው አይሆንም። ለዚህ ነው ከምን ጋር መጋጨት የሚለው ጥያቄ ከፍጥነቱ ራሱ የሚበልጠው።

ሴቶች ይወዳደራሉ?

አዎ። በ1962 ቤሪል ስዌይን በ50 ሲሲ ሞተር ብቻዋን ቲቲን የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከዚያ በኋላ ባለሥልጣናቱ ለሴት አደገኛ ነው ብለው ፈቃዷን ነጠቋት፤ ከወንዶቹ አንድም ሰው እንዲህ አልተባለም። በ2010 ጄኒ ቲንማውዝ በሰዓት 193 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነት ዙሩን ጨርሳለች።

ለተመልካችስ አደገኛ ነው?

ሊሆን ይችላል። በ2007ቱ ሲኒየር ቲቲ አንድ ተወዳዳሪ ሲወድቅ ሁለት ተመልካቾችም አብረው ሞቱ። የተከለከለ ቦታ የሚል ምልክት ካዩ አይከራከሩ። ከኩርባ መውጫ፣ በተለይ ከውጭ በኩል፣ ይራቁ። ከፍ ያለ ዳርቻ ላይ፣ ከኩርባው ውስጠኛ በኩል ቢቀመጡ ይሻላል። ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል፤ ሞተሩ ሲያልፍ ግን የሚቀድመው የአየሩ ግፊት ነው፣ ደረት ላይ ይመታል።

እኔም በዚያ ጎዳና ላይ መንዳት እችላለሁ?

ይቻላል፤ የሕዝብ መንገድ ነው። በደሴቲቱ ከመንደሮች ውጭ ባሉ ብዙ መንገዶች ላይ የፍጥነት ገደብ የለም፤ በቲቲ ሰሞን የተራራው ክፍል ለሁሉም ባለ አንድ አቅጣጫ ይሆናል። በመካከለኛው እሑድ፣ ማድ ሰንደይ በሚሉት ቀን፣ በሺዎች የሚቆጠር ሞተረኛ ይወጣበት ነበር። አደጋም ይበዛ የነበረው ያኔ ነው፤ ከፊትዎ ያለው ሰው እንደ እርስዎ ሁሉ መንገዱን አያውቀውምና። ከሄዱ በማለዳ ይውጡ፣ ቀስ ብለው ይዙሩት። ባላው ድልድይ ላይ ሞተሩን አቁመው በእግርዎ ይሻገሩ፤ ጉብታው ላይ ቆመው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ይመልከቱ፣ እርምጃውንም ይቁጠሩት።